ከሰጋቱራው እስከ ዘረመሉ

በአዲስ አበባ «ሳይነስ አለብኝ» የማይል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ጠዋት ያስነጠሰው፣ ብርድ የመታው፣ ግንባሩን የወጋው፣ አቧራ ያፈነው ሁሉ ለሕመሙ የሚሰጠው ስም አንድ ነው። አንዱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል፤ ሌላው ዳማ ከሴ ያሸታል፤ ሦስተኛው ያለ ሐኪም ማዘዣ የገዛውን እንክብል ይውጣል። የአብዛኛው ሰው ሕመም ጉንፋን ወይም አለርጂ ስለሆነ ቀን ሲያልፍ ይሻለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ቀን አልፎ ያልተሻላቸው ጥቂቶች ናቸው።

በአቃቂ ቃሊቲ ባደግሁበት ሰፈር ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አናጢ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠሩ ኖረዋል። ማምሻውን ከሥራ ቤታቸው ሲወጡ ቅንድባቸውና ጢማቸው በሰጋቱራ ነጥቶ ስለሚታይ፣ እኛ ልጆች በቀን ውስጥ አርጅተው የሚመለሱ ይመስለን ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የቀኝ አፍንጫቸው ተደፈነ፤ ግራው ደኅና ነበር። ቀጥሎ ከዚያው ከቀኙ ነስር ይወርዳቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሳይነስ ነው» እየተባሉ መድኃኒት ሲወስዱ ቆዩ። በመጨረሻ የቀኝ ዓይናቸው ወደ ውጭ መገፋት ሲጀምር ወደ ከፍተኛ ሕክምና ተላኩ። ካንሰር መሆኑም ታወቀ፤ ለቀዶ ሕክምና ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ።

ከሐዘኑ በኋላ የሕክምና ወረቀታቸውን የማየት ዕድል ገጠመኝ። ስማቸው ተጽፏል፤ ዕድሜያቸው፣ የደም ግፊታቸው፣ የታዘዘላቸው መድኃኒት ሁሉ በየተራው ሰፍሯል። «ሥራ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ነበር።

የጋሼን ሕመም ያመጣው ሰጋቱራው ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጄ የለም። ማስረጃው የጠፋው ግን ማንም ስላልጠየቀ ነው። ስለ ራስ ቅል ወለል ቀዶ ሕክምና ወይም ስለ ዘረመል ሕክምና ምርምር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ውድ መሣሪያና ሩቅ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ነው። እኔ ደግሞ ምርምሩ የሚጀምረው ከዚያች ባዶ ቦታ ነው እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የአፍንጫ ጣሪያ፣ የአንጎል ወለል

ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም፤ ሁላችንም ይዘነው የምንዞረው የአካል ክፍል ነው። በአፍንጫችን ዙሪያ፣ በአጥንት ውስጥ የተፈለፈሉ፣ አየር የሞላባቸው 4 ጥንድ ዋሻዎች አሉ። አንዱ ጥንድ በግንባር፣ ሌላው በጉንጭ፣ ሦስተኛው በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አራተኛው ወደ ኋላ ጠልቆ በራስ ቅል መካከል ይገኛል። በዓይኖች መካከል ያለው አጥንት ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ወንፊት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። የማሽተት ነርቮች ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚያልፉት በዚህ ወንፊት ቀዳዳዎች ነውና ስሙ ይገባዋል።

በፎቅ ቤት የታችኛው ክፍል ጣሪያ ለላይኛው ክፍል ወለል እንደሚሆን ሁሉ፣ የአፍንጫም ጣሪያ የአንጎል ወለል ነው። ይህ አጥንት በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኋለኛው ዋሻ ግድግዳ ደግሞ የዓይን ነርቭና ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ቧንቧ ተጠግተው ያልፋሉ። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ የበቀለ ዕጢ ወደ ዓይንም ሆነ ወደ አንጎል ለመድረስ የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው። ቢላ የሚይዘው ሐኪምም ለስሕተት የሚተርፍ ቦታ የለውም።

ቀድሞ ወደዚህ ሥፍራ ለመግባት ፊትን ወይም የራስ ቅልን መክፈት ግድ ነበር። ነገሩን የለወጠው በቀጭን ዘንግ ጫፍ ብርሃንና መነጽር የያዘው ኢንዶስኮፕ ነው። በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ የነበሩት ሐኪም ቫልተር ሜሰርክሊንገር በዚህ መሣሪያ የአፍንጫን ፈሳሽ ጉዞ ሲከታተሉ፣ ፈሳሹ እንደ ወንዝ የራሱን የተወሰነ መንገድ ይዞ ወደ ተፈጥሯዊው መውጫ እንደሚፈስ ተመለከቱ። ስለዚህ ዋሻውን ሁሉ ከመፋቅ ይልቅ የተዘጋውን መውጫ መክፈት ብዙ ጊዜ በቂ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ አሠራር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ተስፋፋ። ቀጥሎም ሐኪሞች በዚያው በአፍንጫ ቀዳዳ አልፈው የራስ ቅልን ወለል ዕጢዎች ማውጣት ጀመሩ።

አንድ ትልቅ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። ዕጢው ሲወጣ በአንጎልና በአፍንጫ መካከል ቀዳዳ ይተዋል፤ በዚያ የአንጎል ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ጀርሞችም ወደ አንጎል ሽፋን ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም የተዋወቀው መፍትሔ የተገኘው ከሮዛሪዮ፣ አርጀንቲና ነው። ጉስታቮ ሃዳድና ሉዊስ ባሳጋስቴጊ የተባሉ ሐኪሞች፣ የአፍንጫን መካከለኛ ግድግዳ የሸፈነውን ለስላሳ ሽፋን ከነደም ሥሩ ገልጠው ቀዳዳውን የሚደፍኑበትን ዘዴ አመጡ። ቀድሞ በትልልቅ ቀዳዳዎች ላይ ከ20 በመቶ በላይ ይደርስ የነበረው የፈሳሽ መፍሰስ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። ለጥገናው ያገለገለው የታማሚው የራሱ አካል ነው፤ ከውጭ የሚገዛ ነገር አልተጨመረበትም። ይህን ታሪክ የማነሣው ተማሪዎቻችን እንዲያስተውሉት ነው። ታላቅ ሐሳብ ሁልጊዜ ከባለጸጋው ቤተ ሙከራ አይወጣም፤ በእጁ ያለውን ነገር በጥንቃቄ ከሚመለከት ሰውም ይወጣል።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

ሁለተኛው ታሪክ ለአቃቂ ቃሊቲ ይበልጥ ይቀርባል። ሃይ ዊኮም በእንግሊዝ አገር በወንበርና በቤት ዕቃ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤስሜ ሃድፊልድ የተባሉ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪም በዚያች ከተማ ሲሠሩ፣ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይታይ አንድ ዓይነት የሳይነስ ካንሰር ደጋግሞ ይገጥማቸው ጀመር። የታማሚዎቹን ሥራ ሲያጣሩ አብዛኞቹ የእንጨት ሠራተኞች ሆነው ተገኙ። ሃድፊልድ ከሌላው ሐኪም ከሮናልድ ማክቤትና ከተመራማሪው ከዶናልድ አቺሰን ጋር ሆነው መዝገብ አገላብጠው፣ ሠራተኛ ቆጥረው፣ ውጤቱን በ1967 እና በ1968 አሳተሙ። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1969 ይህን ካንሰር የእንጨት ሠራተኞች የሥራ በሽታ አድርጎ ተቀበለው። ሠራተኛው ካሣ የመጠየቅ መብት ያገኘው፣ ፋብሪካውም አቧራ መሳቢያ የመትከል ግዴታ እየበረታበት የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርምሩ ወደ ጫማ ሠሪዎችም ተሻገረ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ የቆዳ ብናኝን ደግሞ በ2012 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መካከል መድቧቸዋል። ብናኙ ከተሳበ በኋላ በሽታው ብቅ እስኪል አሥርተ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ወጣቱ መላጊያ ሲገፋ የሳበው አቧራ የሚጠይቀው ሽማግሌውን ነው።

አንባቢ እንዳይደናገጥ አንድ ነገር ልጨምር። የሳይነስ ካንሰር በጥቅሉ ሲታይ ብርቅ በሽታ ነው፤ በብዙ አገሮች በዓመት ከ100,000 ሰዎች የሚይዘው 1 ሰው ገደማ ነው። አፍንጫው የተደፈነ ሁሉ ሊፈራ አይገባውም። ነገር ግን መደፈኑ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ ነስርም ሲከተለው፣ በመድኃኒትም ሳይሻል ሳምንታት ሲያልፉ፣ ያ ሰው በኢንዶስኮፕ መታየት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የፋብሪካ በር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ቆዳ፣ የእንጨት ሥራ፣ የድንጋይ ፈለጣ ሁሉም አለ። ከትልልቁ አጥር ውጭ ደግሞ በየመንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ አንድ መጋዝና ሁለት ወጣት ሠራተኛ የያዙ ሥራ ቤቶች ሞልተዋል። ጋሼም የኖሩት በእንዲህ ያለው ቤት ነበር። በሃይ ዊኮም የተጠየቀው ጥያቄ እዚህ በየካርዱ ላይ ቢጠየቅ ምን መልስ ይገኝ እንደነበር አስቡት።

የተሰበረውን ዘረመል መጠገን

በክፍለ ከተማው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገኛል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ጥሩነሽ ዲባባን ያስታውሳል፤ ሕንፃውን በዕርዳታ ያሠራችው ቻይና ናት። ለገበያ የሚውል የዘረመል መድኃኒት ከማንም ቀድማ የፈቀደችውም ይህችው ቻይና መሆኗን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ፈቃዱ የተሰጠው በጥቅምት 2003 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ጄንዲሲን የተባለው ይህ መድኃኒት የታሰበው ከእኛ ጉዳይ ሩቅ ላልሆነው ለራስና ለአንገት ካንሰር ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ፒ53 የተባለ ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል አለ። ፒ53 እንደ ዘበኛ ነው፤ የሕዋሱ ዲኤንኤ ሲጎዳ መራባቱን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በብዙ ካንሰሮች ይህ ዘበኛ ከሥራ ውጭ ሆኖ ይገኛል፤ በእንጨት ብናኝ በሚመጣው የሳይነስ ካንሰርም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ታይቷል። ጄንዲሲን ደኅናውን ዘረመል እንዳይራባ በተደረገ አዴኖ ቫይረስ ላይ ጭኖ በመርፌ ወደ ዕጢው ያስገባል፤ ከጨረር ሕክምና ጋርም ይሰጣል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ፈቃድ አላገኘም፤ የቀረበውም ማስረጃ በቂ አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

የዘረመል ሕክምና መንገድ አልጋ በአልጋ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት በሙከራ ላይ ሳለ፣ የተሰጠው ቫይረስ በቀሰቀሰበት ኃይለኛ ምላሽ ምክንያት ሕይወቱ አለፈ፤ መስኩም ለዓመታት ቀዘቀዘ። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በጥር 2024 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ የሻንግሃይ ጥናት፣ ኦቶፍ የተባለው ዘረመላቸው ተበላሽቶ መስማት ከተሳናቸው 6 ሕፃናት መካከል 5ቱ ከሕክምናው በኋላ መስማት መጀመራቸውን ገልጿል። መድኃኒቱን የያዘውን ቫይረስ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደረሱት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ውስጠኛው ጆሮ ያለው ከራስ ቅል ወለል አጥንቶች በአንዱ ውስጥ ስለሆነ፣ የቀዶ ሐኪሙ እጅና የዘረመል ተመራማሪው ሐሳብ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። እነዚያ ሕፃናት የተመረጡት መስማት ስለተሳናቸው ብቻ አልነበረም፤ የተበላሸው ዘረመል የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ስለተነበበ ነው። ያልተነበበ ዘረመል አይጠገንም።

የእኛስ ዘረመል?

«ዘረመል ማንበብ ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ይህን ለሚል ሰው የኮዴይንን ታሪክ ልንገረው።

ኮዴይን የሕመም ማስታገሻ ነው። በጉበት የሚገኝ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ካልለወጠው በስተቀር ያን ያህል አይሠራም። አንዳንድ ሰው ይህን ኤንዛይም የሚያሠራው ዘረመል ተባዝቶ በብዛት ይገኝበታል፤ በእርሱ አካል ውስጥ ኮዴይን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ የተባዛ ዘረመል እንዳላቸው አሳዩ፤ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ የሚገኘው ግን በጣም ጥቂት ነው። በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለ ሥልጣን ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። በ2015 ኢትዮጵያ ኮዴይን ያለበትን መድኃኒት ከአገልግሎት አገደች።

ይህ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ የዘረመልም ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ ሳይጠና ለኢትዮጵያውያን ደኅና ነው የተባለ መድኃኒት አደገኛ ሆኖ ተገኘ። አደጋው የታወቀው አንድ ሰው ስለ እኛ ስለጠየቀ ነው። እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ በሰፊ የዘረመል ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች አፍሪካውያን 2 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ ገና ያልተጠየቀው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሁለት ተቃውሞዎችና አንድ መንገድ

ሐሳቤን ከሁለት ወገን ሊቃወሙት ይችላሉ። የመጀመሪያው ወገን፣ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረበት አገር ስለ ዘረመል መናገር በባዶ ሌማት ስለ ግብር ማውራት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዓለም ወደ ዘረመል ሲሮጥ እኛ ስለ ሰጋቱራ ማውራታችን ያሳፍረዋል።

ለመጀመሪያው ወገን ብዙ እውነት አለው። በአሜሪካ ለማጭድ ሕዋስ የደም ሕመም በ2023 የተፈቀደው የዘረመል ሕክምና ዋጋ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህን የምንከፍልበት ቀን ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ ይወርዳል፤ ያልተያዘ መረጃ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይያዝም። ለሁለተኛው ወገን የምመልሰው የሃይ ዊኮምን ታሪክ ነው። በእንጨት ሠራተኛ ካንሰር ውስጥ የትኛው ዘረመል እንደተሰበረ ዛሬ የምናውቀው፣ ከ60 ዓመት በፊት አንዲት ሐኪም ስለ ሰጋቱራ ለመጠየቅ ስላላፈሩ ነው።

ስለዚህ ከአቅማችን የማያልፉ 3 ሥራዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የአፍንጫ ሕመም ያለበት ሰው በሚታይበት ካርድ ሁሉ 3 ጥያቄዎች ይጻፉ። ሥራህ ምንድን ነው? ስንት ዓመት ሠራህ? ሕመሙ በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ይህ የሚጠይቀው ብዕርና አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተመሠረተው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ፣ በአገራችን ሥርዓት ያለው መዝገብ መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል።

ሁለተኛ፣ ከታማሚ የተወሰደ ናሙና ከምርመራ በኋላ አይጣል። በፎርማሊን ታጥቦ በፓራፊን ሰም ውስጥ የተቀበረ ሕብረ ሕዋስ ብዙ አሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ዲኤንኤውም ከዚያ በኋላ ሊነበብ ይችላል። ዛሬ የማንበቢያው መሣሪያ ባይኖረን እንኳ ሰሙ ይጠብቀናል። በእርግጥ ናሙናው የሰው አካል ነውና በታማሚው ፈቃድ፣ በሕግና በክብር መያዝ አለበት፤ ወደ ውጭ የሚላክም ከሆነ ተመራማሪዎቻችን ከጥናቱ ባለቤቶች መካከል ሊቆጠሩ ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ የእናንተ የተማሪዎች ነው። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አየር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ብናኝ እንዳለ መለካት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪ ሥራ ነው። የሠራተኞችን የሥራ ዘመንና የአፍንጫ ሕመም ማነጻጸር የስታቲስቲክስ ተማሪ ሥራ ነው። ከመጋዙ አጠገብ በርካሽ የሚሠራ አቧራ መሳቢያ መንደፍ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሥራ ነው። በጎርፍ የመጣ ጥጥ ሳይሆን በእጃችሁ የፈተላችሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ፣ ርዕሱ በቃሊቲ መንገድ ዳር ተበትኖ ይገኛል። መለካቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ያገኛችሁትን ውጤት ለዚያው ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ መልሳችሁ ንገሩት፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ለምን እንደሚያስፈልገው አስረዱት።

ጋሼ ይሠሩበት በነበረው ቤት ዛሬ አንድ ወጣት መጋዙን ይዟል። ባለፈው ሰሞን ሳልፍ ቅንድቡ እንደ እርሳቸው ነጥቶ አየሁት፤ አፍንጫው ላይ ግን ምንም አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህ ወጣት አፍንጫው ተደፍኖ ወደ አንድ ሆስፒታል ይመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚቀበለው ሐኪም ምናልባት ከእናንተ አንዱ ይሆናል። በእጁም ዛሬ በሻንግሃይ እንጂ በእኛ ዘንድ የሌለ መድኃኒት ይኖረው ይሆናል። መድኃኒቱ ለዚያ ሰው የሚሆን ወይም የማይሆን መሆኑ የሚታወቀው ግን ከዛሬ ጀምሮ በምንጽፈውና በምናስቀምጠው ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ወጣቱ ከነጭራሹ ባይታመም ነው፤ ለዚህም ሰጋቱራውን ዛሬውኑ ከአፍንጫው ማራቅ ይቻላል።